ግማሽ ግማሽ አምባሰል

ሐሙስ ቀን ምሳ ላይ ጎይቶም የጎረሰውን ዋጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እጁን ከትሪው ላይ አንስቶ ለባለቤቱ ለዊንታ እንዲህ ሲል አስታወቀ፦

«ዛሬ ጥፍሬን እቆርጣለሁ።»

ዊንታ የሚከተል ነገር ካለ ብላ ጠበቀች። አልነበረም።

«ቁረጠዋ» አለችው። «መቼ ከለከልኩህ?»

«አልገባሽም።»

«ጥፍር መቁረጥ ምኑ ነው የማይገባው?»

ለቤዝ ጊታር ተጫዋች ግን ጥፍር መቁረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ጎይቶም ወልድያ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ጥፍሩ እንደ ልቡ ሲያድግ ኖሯል፤ ካርቶን ይከፍትበታል፣ የዘይት ጣሳ ይፈለቅቅበታል። ጥፍሩን በቁም ነገር የሚቆርጠው ሊጫወት ሲል ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ፋንቱ ደውላለች።

ፋንቱ ድሮ በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ከእነ ጎይቶም ጋር ስትዘፍን የነበረች፣ ዛሬ መርሳ ላይ ማንጎና ብርቱካን የምታከፋፍል ሴት ናት። ልጇን ቤተልሔምን እሑድ ትድራለች። ሠርጉ ላይ አንድ አምባሰል፣ አንድ ብቻ፣ እንደ ድሮው በሰው ጣት በሚመታ ቤዝ ልትዘፍን አምሯታል። ችግሩ ቡድኑ ሁለት ቤዚስቶች ማፍራቱ ነው። መጀመሪያ ጎይቶም ነበር፤ እሱ ለንግድ ሲወጣ የመርሳው ልብስ ሰፊ ኢዘዲን ተተካ። ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ያኔ ተነስቶ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ልጆች ተወልደው፣ ፀጉር ሸብቶም አላለቀም። ፋንቱ ማንንም ማስቀየም ስላልፈለገች ዘፈኑን እንደ ዳቦ ለሁለት ቆረሰችው። የፊተኛው ግማሽ ለኢዘዲን፣ የኋለኛው ለጎይቶም።

«ጣትህስ?» አለች ዊንታ።

«የቱ ጣቴ?»

«በር የወደቀበት ነዋ!»

«እሱ ከዳነ ቆየ» አለ ጎይቶምና ተነስቶ ጊታሩን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ። አቧራውን አራገፈ፣ አራቱን ክሮች ፈታ፣ ጠቅልሎ ይዞ ወደ ኩሽና ገባ።

«አንድ ድስት ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ክር ልቀቅልበት።»

ድሮ አዲስ የቤዝ ክር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክረምት ያልፍ ስለነበር፣ የአገሩ ቤዚስት ሁሉ የሞተ ክር ቀቅሎ ነበር የሚያስነሳው። የጣት ላቡና ቅባቱ በፈላ ውሃ ሲለቅ፣ ክሩ ለጥቂት ቀናት እንደ አዲስ ይጮኻል። ይህንን ዊንታ በትዳሯ መጀመሪያ ላይ አይታ ነበር፤ ያለፈ ነገር መስሏት ነበር።

«ዋይ አነ! በወጥ ድስቴ?»

«ይታጠባል እኮ።»

«ጨው ልጨምርልህ?» አለች ድስቱን እያቀበለችው። «ሲበስል ደግሞ ጥራኝ፤ እንጀራ አቀርባለሁ።»

ክሮቹ ከተቀቀሉ፣ ደርቀው ከተወጠሩ በኋላ ጎይቶም በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ባዶውን ክር ነካው። ድምፁ በእንጨቱ አልፎ ሆዱ ላይ አረፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሐራ ላይ በገበያ ቀን በመኪና ባትሪ የተጫወቱት ታየው። የጭነት መኪናው ላይ ቆመው፣ አቧራው እስከ ጉልበት፣ ፋንቱ በአረንጓዴ ቀሚስ፣ ግመል ጎትቶ የመጣው ሁሉ ሳይሸጥ ቆሞ ሲሰማ። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር፤ እነሱም አብረው ቀስ ይሉ ነበር፤ ሕዝቡ ዘፈኑ እንዲህ ነው ብሎ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ ግራ እጁን ክሩ ላይ አሳረፈና ከሐራ ተመለሰ። የቀለበት ጣቱ አልታጠፈም። ካቻምና የሱቁ የብረት በር ወርዶበት ሐኪሙ «ድኗል» ብሎ ሸኝቶታል። ጣቱ ዳነ ማለት አያምም ማለት ነበር። ሌሎቹ ጣቶች ክሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ እሱ በማያውቀው ሰው ቤት እንደ ገባ እንግዳ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎይቶም ለመነው፣ በሌላው እጁ ተጫነው፣ ሰደበው። ጣቱ ንቅንቅ አላለም።

ለፋንቱ ደውሎ «አልችልም» ማለት ይቻል ነበር። ስልኩን አነሳ። ሱቁ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ «ጋሽ ጎይቶም እኮ የቤዝ ሰው ነው» ይለዋል፤ ወንድ ልጁ እንኳ ለጓደኞቹ አባቴ ነጋዴ ነው አይልም። «አልችልም» ካለ ከዚያ በኋላ ያለው የማርሽ ጥርስና ቤሪንግ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። የፊተኛውንም የኋለኛውንም ግማሽ ኢዘዲን ይወስደዋል። ስልኩን አስቀመጠ።

ቅዳሜ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሚኒባስ ተሳፈረ፤ ሲሪንቃን አልፎ መርሳ ወረደ። ኢዘዲን ከስፌት መኪናው ጀርባ ብድግ ብሎ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

«ጎይቶሜ! አልሐምዱሊላህ፣ ሸብተህ ሞተሃል!»

«አንተ ደግሞ መላጣ ሆነህ ተርፈሃል።»

«ያንተን ጊታር አመጣህ አይደል? የኔ በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ።»

«አመጣሁ። ማን እንደወሰደው አልሰማህም?»

«የወሰደው ብቻ ይምታበት። ፈልጦ ካነደደው ነው የማልምረው» አለ ኢዘዲን። ከዚያም የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ የሸፈነውን ጨርቅ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ገለጠ። ሦስት ትናንሽ የብረት ሳጥኖች ተደርድረዋል። «ልጄ ከጅዳ ልኮልኝ ነው። ፔዳል ይባላል።»

«ፔዳል አውቃለሁ። እግርህ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«እሱ የስፌት ነው፣ አንተ ሰው! ይኼ የድምፅ ነው። ይኼኛው ኮምፕሬሰር ይባላል። ጠንክረህ ብትመታም፣ ቀስ ብለህ ብትመታም፣ ድምፁን እኩል ያደርገዋል።»

«ታዲያ ሰውዬው ለምን ይደክማል?»

«ይኼ ደግሞ ኮረስ ነው። አንዱን ቤዝ ሁለት ያስመስለዋል።»

«ሁለት ቤዚስት ለአንድ ዘፈን ተጠርተን?»

«ይኼኛውን ግን ወላሂ ምን እንደሚሠራ አላውቀውም። መብራቱ ያምራል።»

ሻይ መጣ። ኢዘዲን ብርጭቆውን በቀኙ፣ በአውራ ጣቱና በመሃል ጣቱ ብቻ ቆንጥጦ አነሳ፤ ጠቋሚ ጣቱ ጣሪያውን ያሳያል። ጎይቶም የራሱን በሁለት እጁ አቅፎ ጠጣ፤ የግራው የቀለበት ጣቱ ከብርጭቆው ርቆ ቆሟል።

«መርፌ የበሳው ጣትህ እንዴት ሆነ?» አለ ጎይቶም።

«የቱ? እሱማ ተረስቷል! ያንተስ፣ በር የወደቀበት?»

«እንደ ብረት ነው።»

«የኔም እንደ ብረት።»

ብረት እንደማይታጠፍ ለመለዋወጫ ነጋዴ አይነገርም። ጎይቶም ግን የኢዘዲንን ጣት ትቶ የራሱን ያስብ ነበር።

«የድሮ ጣት ነበር ጣት» አለ ኢዘዲን። «ውርጌሳ ላይ ትዝ ይልሃል? ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ፣ የሻማ ሰም ጠብ አድርጌበት እስኪነጋ መታሁ።»

«ምን ትዝ ይለኛል? እኔ እኮ ያኔ ከቡድኑ ወጥቻለሁ።»

«አዎ ለካ። አንተ ብትኖር ኖሮ አልቅሰህ ትወርድ ነበር።»

«እኔ? ሐራ ላይ ክር ተበጥሶ ጉንጬን ሲገርፈኝ አንዲት ምት አልዘለልኩም!»

«ፋንቱ ግን ዘሏል ብላኛለች።»

እንዲህ ሲባባሉ ዋሉ። ጎይቶም ሲወጣ ሳቁ ገና ከፊቱ ላይ ሳይወርድ በቀጥታ ወደ ፋንቱ ግቢ ሄደ። ድንኳኑ ተተክሎ፣ የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሄኖክ ሽቦ ይዘረጋል። ጎይቶም ግራና ቀኙን አይቶ ጠጋ አለ።

«ሄኖክ፣ በግራ እጅህ ቤዝ ትመታ የለ?»

«ሁልጊዜ ነው ጋሼ። ለሠርግ ቤዚስት ማን ያመጣል ብለው ነው?»

«ነገ በእኔ ተራ ዝም ብለህ ምታው። እኔ አምፕሊፋየሩን ዘግቼ እጄን አንቀሳቅሳለሁ። ጣቴን ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው።»

ሄኖክ የያዘውን ሽቦ ለቅቆ ጎይቶምን አየው።

«እሺ ጋሼ።»

«ለሰው እንዳትነግር። በተለይ ለኢዘዲን።»

«ኧረ ለእሳቸውማ አልነግርም» አለ ሄኖክ፤ ወደ ሽቦዎቹም አጎንብሶ ትከሻው እስኪነቀነቅ ሳል ያዘው።

እሑድ ከሰዓት ሙሽሮቹ ገብተው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ድንኳኑ ሲሞቅ ፋንቱ ማይክራፎኑን ያዘች። የድሮ አድማጮቿ ከሲሪንቃም ከውርጌሳም መጥተው የፊት ወንበሮቹን ይዘዋል፤ ብዙዎቹ ከዘራ ይዘዋል። ኢዘዲን ሦስቱን ፔዳሎች እግሩ ሥር ደርድሮ፣ የጎይቶምን ጊታር አንግቶ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ፋንቱ ጀመረች። ድምፅዋ ከድሮው ወፍሯል፣ ከፍ ሲል ትንሽ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ግን ጥሩ ቦታ ላይ ነው። ከሥሩ ቤዙ ክብ ክብ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይዛነፍ ገባ። ጎይቶም ቀናተኛ ሰው ነበርና በፔዳሎቹ ላይ አፈጠጠ። ይህ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከድሮው ይበልጣል። ኢዘዲን በዕድሜው እንዲህ እኩል መትቶ አያውቅም። «ፔዳሉ ነው» አለ ለራሱ። «ያ ኮምፕሬሰር የሚሉት።»

በዚህ መሃል የፋንቱ ወንድም ትከሻውን እየሰበቀ ወደ መድረኩ ገባ። ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ተመለሰ፣ ሲዞር ጫማው የጊታሩን ገመድ ጠለፈው። የገመዱ መሰኪያ፣ ጃኩ፣ ከጊታሩ ተነቅሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

ቤዙ ቀጠለ።

ጎይቶም ጃኩን አየው። ጃክ ሲነቀል አምፕሊፋየር ሰው እንደረገጠው ውሻ ይጮኻል፤ ይህ አልጮኸም፣ ተዘግቷል። ኢዘዲን ዓይኑን እንደጨፈነ ክሮቹ ላይ ተደፍቶ ይመታል። ከፊት ወንበር ያሉት ከዘራ የያዙ ሰዎች ጃኩን አዩ፣ ኢዘዲንን አዩ፣ እንደገና ጃኩን አዩ፤ ከዚያ ሁሉም የድንኳኑን ጣሪያ ስፌት መመርመር ጀመሩ። ፋንቱም አየች፤ ድምፅዋን ሳትቆርጥ ጥቂት ተራምዳ ጃኩን በቀሚሷ ዘርፍ ጋረደችው። መጨረሻ ላይ ሄኖክ አየና ደነገጠ፤ ግራ እጁ ስለተደናቀፈ የድንኳኑ ቤዝ በሙሉ ተንገዳገደ። የኢዘዲን ጣቶች ግን አልተንገዳገዱም።

ያኔ ኢዘዲን ዓይኑን ገለጠ።

ጎይቶምን በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ስንት ዘመን የፈጀ ክርክር በአንድ ጫማ አለቀ። ደስታው ግን መድረኩ ላይ እስኪወጣ እንኳ አልቆየለትም። ዘፈኑ ግማሹ ላይ ደርሶ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ኢዘዲን ጊታሩን ከትከሻው አውርዶ ሳያየው ዘረጋለት።

«ለሄኖክ መቼ ነገርከው?» አለ ጎይቶም በጆሮው።

«ዓርብ። መርፌው ከበሳኝ ወዲህ ጣቴ ክር መንካቱን አያውቅም።» ኢዘዲን ቀና ብሎ አየው። «አንተስ?»

«ቅዳሜ።»

ኢዘዲን ሳቀ አይባልም፤ በአፍንጫው ተነፈሰ። ከመድረኩ ግን አልወረደም።

ጎይቶም ጊታሩን አነገተ። ጃኩን መልሶ መሰካትና አምፕሊፋየሩን እንደተዘጋ መተው ይችላል፤ የፊት ወንበሮቹ እንደሆኑ ጣሪያ እያዩ ነው፤ ማንም ቃል አይተነፍስም፤ ይህ አገር ጨዋ ነው። ጎንበስ ብሎ ጃኩን ከፋንቱ ቀሚስ ሥር አነሳ፣ ሰካው፣ ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄዶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ድንኳኑ አገሳ። ጣሪያ ያይ የነበረው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ።

«ሄኖክ» አለ ጎይቶም፤ «ግራ እጅህን ኪስህ ክተት።»

ሄኖክ ወደ ፋንቱ አየ። ፋንቱ ራሷን ነቀነቀች። ሄኖክ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ።

ጎይቶም ባሉት ጣቶች ጀመረ። ድምፁ ሻካራ ነበር፤ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። የቀለበት ጣቱ ድሮ ይይዘው የነበረው ድምፅ ቦታ ላይ ሲደርስ ምንም የሚመታው አልነበረውም፤ ዝም ብሎ አለፈው። ፋንቱ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ትንፋሽ ወሰደችና ቀጣዩን ስንኝ ቀስ አድርጋ ያዘችው።