የቅዳሜው ኢታይ ሜ

በሺር በሥራ ባልደረባው በሞላ ሲቀና ውሎ ሲቀና የሚያድር ሰው ነው። ቅናቱ ጠዋት ከሰፈሩ ከሆጤ አብሮት ተሳፍሮ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ጋራዥ አብሮት ይውላል፣ ማታም የሐረጎን ዳገት አብሮት ይወጣል።

የጋራዡ አስተማሪ ጃፓናዊው ኦካዳ ነው። በድርቁ ዓመት የእርዳታ እህል የሚጭኑትን መኪኖች ሊያስጠግን መጥቶ፣ አማርኛውን እየሰባበረም ቢሆን ለምዷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜካኒኮቹን ሰብስቦ «ኢታይ ሜ?» ይላቸዋል፤ በአገሩ ቋንቋ አሳምሞ ያስተማረ ነገር ማለት ነው። የተሳሳተ ይናገራል፣ ሌላው ይማርበታል።

በዚያ በደርግ ዘመን ጥፋቱን ሰው ፊት የሚዘረግፍ ጤነኛ አለ? በሺር ግለሂስ መስሎት አፉን ለጎመ። የኩታበሩ ሞላ ግን፣ የዋህ ነገር፣ «ካምቢዮው ዘይት እንደሌለው ሳላይ ነድቼ ጥርሱን ፈጀሁት» ብሎ ይስቃል። ኦካዳም ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ይሄኔ በሺር እርር ድብን ይላል።

አንድ ሰው ለስድስት ወር ትምህርት ጃፓን ሊላክ ነው፣ ኦካዳ ያሰበውም ሞላን ነው ሲባልማ ባሰበት።

«አስራ አንድ ዓመት መኪና ስር የተኛሁት እኔ! ወላሂ እሱ አይሄዳትም!» አለ ለሚስቱ ለረሂማ።

«ተው፣ አላህን ፍራ። ልጁ ምን አደረገህ?»

አልተወም። ሰኞ በሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሞላ ካምቢዮ የፈጀው በስህተት ነው ወይስ በአሻጥር?»

ሞላ ሲጠየቅ እንደ ቅዳሜው አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሊስቅ ጀምሮ ግን ተወው። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ይዘውት ሄዱ።

ቅዳሜ ኦካዳ «ኢታይ ሜ?» ሲል የተነፈሰ የለም። ሰባቱም ሜካኒኮች መሬት መሬቱን ያያሉ። ኦካዳ ወደ በሺር ዞረ።

«ጃፓን አንተ ትሄዳለህ። አሁን ሌላ የሚበቃ ሰው የለም። ግን አንድ ንገረኝ። አንድ ብቻ።»

በሺር አፉን ከፈተ። አሁንስ የሚናገረው ጥፋት አለው፤ ሞላን አሳስሯል። ጓደኞቹም ያውቁታል፣ የቀረው እሱ በአፉ ማለቱ ነው። ዳሩ ግን የሚናገር ሰው የት እንደሚወሰድ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

«የለኝም» አለ።

ኦካዳ የጉዞውን ወረቀት ፈርሞ ሰጠው። በሺር ያን ሁሉ የተመኘውን ወረቀት በእጁ ይዞ፣ ጥፋቱን ተናግሮ በታሰረው በሞላ ቀና።