የትኛው ኸሊፍ?

ወልደሥላሴ ለሦስተኛ ጊዜ ቁልፉን ተጫነ። በክፍሉ መስኮት የሚታየው የአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ጭል እንኳ አላለም።

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። በአራት ሰዓት ወይዘሮ ነስራ ከበጀት ክፍል መጥተው የኮሌጁን አሮጌ ኮምፒውተሮች ያያሉ። ካልወደዷቸው ማሽኖቹ ይጣላሉ፤ እሱ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው የኮምፒውተር ክፍልም የወንበር መጋዘን ይሆናል።

ያሰበው ብልሃት ቀላል ነበር። ከባዱ ፕሮግራም በአንድ ጠንካራ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ምስሉ ግን በኔትወርኩ ሄዶ በአሮጌዎቹ ስክሪን ላይ ይወጣል። ፕሮግራሙ የስክሪኑን ስም ይዞ ያፈላልጋል፤ ሲያገኘው ያንኳኳል፤ ከተፈቀደለት ይገባል።

ለዛሬ ያዘጋጀው የሀርሺን ወረዳን የውኃ ጉድጓዶች ካርታ ነው። «ኸሊፍ» ወደሚባለው የአዳራሹ ስክሪን ልኮታል፤ የሰየመው ስክሪኑን በለገሱት ነጋዴ ስም ነው። ማሽኑም «ተገናኝቷል» ይላል።

«የማን ቤት ገብተህ ነው?» አለው ማሽኑን።

ይኼኔ የግቢው ካፌ ባለቤት ሆዳን በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ጋሼ ሽቦ! ኳሴን የት አደረሱት?»

ሽቦ ተማሪዎች ያወጡለት ስም ነው። አንድ ቀን እንኳ አቤት ብሎበት አያውቅም።

«ወልደሥላሴ እባላለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ ወልደሥላሴ። ጎል ሊገባ ሲል ሀርሺን ገባ! ደንበኞቼ ጮኹ እኮ።»

«ያንቺ ስክሪን ስሙ ማነው?»

«ባለፈው ሳምንት እርስዎ አይደሉ ያወጡለት? አሮጌ ኮምፒውተሩን የሰጠኝ ሱቀኛው ኸሊፍ ነው፤ እርስዎም ኸሊፍ አሉት።»

ወልደሥላሴ ግንባሩን ያዘ። ትናንት ሲሞክር የእሷ ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ማለዳ ከፍታዋለች፤ ካርታውም ቀድሞ ያገኘው ኸሊፍ ጋ ገብቷል።

«በጅግጅጋ ኸሊፍ ብቻ ብለው ሰው ይፈልጋሉ?» ሆዳን በሳቅ ፈረሰች። «ወላሂ፣ ቀብሪበያ ድረስ ሲዞሩ ይመሻል! ረጅሙ ኸሊፍ ዴር፣ አጭሩ ኸሊፍ ጋባን ይባላል እንጂ። ያለ ቅጽል ስም እዚህ ማን ይገኛል?»

ካርታውን ሊያነሳ ወደ ካፌው ሮጠ። ደጃፉ ላይ ግን እግሩ ተገታ። ወይዘሮ ነስራ ቀድመው መጥተው ሻይ ይጠጣሉ። ሁለት የሀርሺን ከብት ነጋዴዎች ስክሪኑ ሥር ቆመው ይከራከራሉ።

«ይኸኛው ደርቋል!»

«የደረቀው ያኛው ነው፤ ይኸማ ባለፈው ወር ግመሎቼ ጠጥተውበታል!»

ወይዘሮ ነስራ ወደ ወልደሥላሴ ዞሩ። «ይህን የሚያሳየው አሮጌው ማሽን ነው?»

«አዎ፤ የኮሌጁም እንዲሁ ያሳያሉ። ሥራውን የሚሠራው ግን እኔ ክፍል ያለው ጠንካራ ማሽን ነው። ይኸኛው መልኩን ብቻ ነው የሚያወጣው።»

«ታዲያ የኮሌጁ ለምን ይጣላል?» አሉና ደብተራቸው ላይ «ይወገዱ» የሚለውን መስመር ሰረዙ።

ወልደሥላሴ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የአዳራሹን ስክሪን «ኸሊፍ ዴር»፣ የካፌውን «ኸሊፍ ጋባን» አለው። የቀረው ጠንካራው ማሽን ነው፤ እስከ ዛሬ ስሙ «አንድ» ነበር። ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። «አንድ» የሚለውን አጥፍቶ «ሽቦ» ብሎ ጻፈ።

«ጋሼ ሽቦ!» ሆዳን ከካፌው ተጣራች። «ሻይዎ ቀዘቀዘ!»

«አቤት! መጣሁ!» አለ።