የተተካው ምዕራፍ

ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ዋይፋይ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ሌላውን አላይም ካለ ሦስተኛ ሰዓቱን ይዟል። የማርያማዊት ላፕቶፕ መደቡ ላይ፣ የአባቷ የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ አሮጌ ዴስክቶፕ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ነበር። አሮጌው ሰሞኑን ከሆዱ ውስጥ የመፋቅ ድምፅ ያሰማል። ማርያማዊት ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ናትና ትርጉሙ አልጠፋትም፤ ዲስኩ ሊሞት ነው። በዲስኩ ውስጥ ደግሞ የአባቷ የአራት ዓመት ልፋት አለ።

መሪጌታ የላስታን የአቋቋም መምህራን ታሪክ እየጻፉ ነበር። ከደብር ደብር በእግራቸው ዞረው፣ ከአረጋውያን አፍ ሰምተው፣ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ የጻፉት ነው። ከሁሉም የሚሳሱት ለየኔታ እሱባለው ምዕራፍ ነበር። የኔታ ከአሸተን ተራራ ማዶ የኖሩ ዓይነ ስውር ሊቅ ነበሩ፤ ስለ ቀደሙት መምህራን የሚያውቁትን ለመሪጌታ ብቻ አውርተው ባለፈው ሰኔ ዐረፉ።

«ምነው፣ ተኳርፈዋል እንዴ?» አሉ እናቷ ወይዘሮ ብርቄ ከበሩ ቆመው። «ሽማግሌ ልላክባቸው?»

«ሽማግሌው ይኸው ተቀምጧል፤ ማን ሰማው!» አሉ መሪጌታ።

«ታዲያ በፍላሽ ገልብጣ አትገላገልም?»

«ብርቄ፣ የፍላሽን ነገር አታንሽብኝ!» አምና ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ገብቶ ግማሹን ጽሑፍ ደብቆባቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ መሪጌታ ፍላሽ ወደዚያ ማሽን እንዳይቀርብ በግዝት ከልክለዋል።

ማርያማዊት ተስፋ አልቆረጠችም። የተማሩት እውቀት ለአባት ቤት ካልበጀ ለምን ይበጃል የሚል እምነት ነበራት። አንድ በአንድ መረመረች። ላፕቶፑ የቤቱን ኔትወርክ እንደ ሆቴል ኔትወርክ ቆጥሮ ራሱን ሸሽጎ ነበር፤ የግል እንደ ሆነ ነገረችው። ዴስክቶፑ ላይ ፋይል ማጋራቱ ተዘግቶ ነበር፤ ከፈተችው። አሁን ተያዩ፤ ነገር ግን አሮጌው ዴስክቶፕ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

«አባ፣ የይለፍ ቃል የሌለውን ሰው በኔትወርክ አያስገባም። አንድ ያውጡለት።»

«ቁም ሣጥኑ ቁልፍ በሌለው ቤት ለዚህ ቁልፍ!» እያሉ፣ ልጃቸው እንዳታይ በጋቢያቸው ጫፍ ከልለው በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ ጻፉ።

ፎልደሩ ተከፈተ። ምዕራፎቹ ላፕቶፑ ላይ ተደረደሩ። ወይዘሮ ብርቄ እልል አሉ።

የቀረው ቀላል ነበር። ማርያማዊት አምና ፊደል ለማረም የገለበጠችው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ነበራት፤ አንዳንዱን ምዕራፍም አርማ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ፎልደሮች የሚያመሳስል ፕሮግራም ከፈተችና፣ ከሁለቱ አዲሱ ፋይል አሮጌውን እንዲተካ አዘዘችው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

«አለቀ፣ አባ። ከእንግዲህ ዲስኩ ቢሞትም ግድ የለም።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው የየኔታን ምዕራፍ ከፈቱ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

«ማርዬ፣ ይህ ሁለት ገጽ ነው።»

«ወደ ታች ይውረዱ።»

«ወርጃለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ ነበር።»

ሳቅ ብላ ተነሣች፤ ጠረጴዛው ዘንድ ስትደርስ ሳቁ ከፊቷ ላይ አልነበረም። ሁለት ገጽ ነው። ላፕቶፑም ላይ ሁለት ገጽ። የፋይሎቹን ቀን ዝርዝር ከፈተች።

«የዚህን ኮምፒዩተር ቀን ማን ነው የለወጠው?»

«እኔ ነኛ። በፈረንጅ ይቆጥር ነበር። በቤቴ ተቀምጠህ በእኔ ዘመን ቁጠር ብዬ አቀናሁት። አጠፋሁ?»

ከስክሪኑ ጥግ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት የሚል ዓመተ ምሕረት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲያያት ነበር፤ ዐሥር ጊዜ አይታዋለች፤ አልቆረቆራትም። ለምን ይቆረቁራታል? የምትኖርበት ዓመት ነው! የእርሷ ላፕቶፕ ግን በፈረንጅ ይቆጥራል። አባቷ ባለፈው ሳምንት የጻፉት ገጽ፣ እርሷ አምና ከገለበጠችው ቅጂ በስድስት ዓመት ያረጀ መስሎ ለፕሮግራሙ ታይቶታል። አምና የተጀመረው ምዕራፍ ሁሉ በአምናው ረቂቅ ተተክቷል።

ዘልላ የዴስክቶፑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ኧረ ድንግል! ምን ሆንሽ?» አሉ እናቷ።

«ሌላ ነገር እንዳይጻፍበት ነው፤ ምናልባት ከሥር የሚለቀም ቢኖር...» ብላ አቆመች። በሚፋቅ ዲስክ ላይ ያ ምናልባት ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ታውቃለች። «አባ፣ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ቅጂ ሳላስቀምጥ፣ ሳላጣራ ነው ያዘዝሁት።»

መሪጌታ በጠቆረው ስክሪን ላይ ፈዘዙ።

ማርያማዊት በድንገት ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ሳበች። «አባ! ድጓውን ሙሉ በቃልዎ ይዘው የለም እንዴ! ይንገሩኝ፤ አሁኑኑ እጽፋለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። ድምፃቸው እንደ ቅኔ ማኅሌቱ የተረጋጋ ነበር፤ የኔታ በልጅነታቸው ከቤት የወጡበትን፣ የመጀመሪያ መምህራቸውን፣ በረሃብ ዘመን ጉባኤው የተበተነበትን። እርሷ እየሮጠች ጻፈች። ልቧ መመለስ ጀመረ።

ከዚያ አቋረጡ። ትንፋሽ የሚወስዱ መሰላት።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ዓይናቸውን ሲገልጡ ከቅድሙ የከፋ ድንጋጤ አየችባቸው፤ ማኅሌት ቆመው አንዲት ቃል ሲስቱ ሰምታቸው አታውቅም።

«የለም» አሉ። «ድጓውን ቀን ከሌት ደግሜ ነው የያዝሁት። ይህን ግን ጽፌዋለሁ፣ ከእንግዲህ የትም አይሄድም ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልደገምሁትም።»

«ትንሽ ያስቡ፤ እንጠብቃለን።»

«ከየኔታ ደጅ ሄጄ ልጠይቅ? ማንን?»

ወይዘሮ ብርቄ በሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ማርያማዊት ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ እንዳሳረፈች ጠበቀች። አራተኛው ገጽ ከግማሹ በላይ ባዶ ነበር።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «አራት ነጥብ አድርጊበት» አሉ።