የኪዳነወልድ መስመሮች

«ሎሚዬ፣ ልጅቷ ወረቀቱን ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?» አሉ እማማ ሸዋወርቅ።

ጎረቤታቸው ሎሚ የያዘችውን የንፍሮ ሳህን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። እማማ ሸዋወርቅ ልጃቸውን ኪዳነወልድን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሶፋው ወጥቶ ሳሎኑ ለለቀስተኛ ሲለቀቅ፣ ጓሮ ያሉት ሴቶች ነፋሱ እሳት አላስይዝ ቢላቸው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ትልቅ ወረቀት እማማ ራሳቸው ገንጥለው ሰጡ። «በዚህ ለኩሱት» አሉ በገዛ አፋቸው። ያን ዕለት ዓይናቸው ምን ያይ ነበር?

ኪዳነወልድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር ነበር። እሁድ እሁድ ከልጁ ከልዩ ጋር ግድግዳው ሥር ተንበርክከው ያን ወረቀት በባለቀለም እርሳስ ይሞሉታል።

«እማዬ፣ ኳሳር ይባላሉ። በጣም ሩቅ ያሉ ብርሃኖች ናቸው። ደማቁ ስንት ነው፣ ደብዛዛው ስንት ነው ብለን እንቆጥራለን። እያንዳንዱ መስመር አንድ ዘመን ነው» አላቸው አንድ እሁድ።

«ይኼ ቀዩ ምነው ከሁሉም ከፍ አለ?»

«ያኔ፣ የዛሬ አሥር ቢሊዮን ዓመት ግድም፣ ደማቆቹ በዝተው ነበራ። ወደኛ ዘመን የሚቀርቡት መስመሮች ዝቅ ይላሉ። ቀድመው የሚሳሱት ደማቆቹ ናቸው።»

«ምን አገኛቸው?»

«የሚበሉት አለቀ። ጋዝ ነው የሚበሉት።»

«አንተስ ምሳህን በልተሃል?»

ልዩ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። «አባዬ፣ እማማ ኳሳሮቹንም ሳታበላ አትለቃቸውም።»

አሁን ያቺው ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ አላለቀሰችም፤ እህልም አልቀመሰችም። ከባቱ የመጣችው አክስቷ «አልቅሺ የኔ እናት፣ ይውጣልሽ» ብላ ብላ ደክሟት ተወቻት። እማማ ሸዋወርቅ ትንፋሿን ሲያዳምጡ ነው የሚውሉት። አንዱን ቀብረው ሌላዋ በዓይናቸው ፊት እየሟሟችባቸው ነው።

ልዩ ከጓዳ ወጥታ ግድግዳው ፊት ቆመች።

«እማማ፣ የአባዬ ወረቀት የት ተቀመጠ?»

መሳቢያ ውስጥ ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልሆነላቸውም።

«አነደድኩት ልጄ። እኔው ነኝ። እሳቱ እምቢ ብሎ…»

«እኛም ልብ አላልነውም ልዩዬ» አለች ሎሚ።

«አባትሽ ኮምፒውተር ውስጥ አይጠፋም፣ አይደል?» አሉ እማማ።

«ቁጥሩማ አለ» አለች ልዩ።

ግድግዳው ጥግ ላይ ፕላስተሩ የያዘው ቁራጭ ቀርቷል፤ የቀዩ መስመር ጫፍ አለበት። ልዩ በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠችውና ቁስል እንደሚሸፈን የእጇ ጀርባ ላይ ለጠፈችው።

እማማ ሸዋወርቅ ከመሶቡ እንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። «አንድ ጉርሻ ብቻ። ስሞትልሽ።»

ልዩ ጫማዋን አደረገች። ጉርሻው እንደተዘረጋ ትታው ወጣች።