ኩርፊያ የያዘው ቦታ

እኔ አውሮፕላን ማረፊያ እነድፋለሁ ብዬ አርክቴክት የሆንኩ ሰው ነኝ። የሙያ ፈቃዴን ለማሳደስ ግን ሥልጠና መውሰድ ነበረብኝና፣ ቦታ ያልሞላበት አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ «ለተቋማት ቀልጣፋ የዕቃ ማከማቻ ክፍሎችን መንደፍ»። ርዕሱን ሳነበው ማዛጋት ጀመርኩ። መጋዘን ደግሞ ምኑ ይነደፋል? አራት ግድግዳ፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ ቁልፉን የያዘ አንድ ነዝናዛ።

አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ ቀጭን አርክቴክት ናቸው። መለኪያ ሜትራቸውን ሲያወሩ እየሳቡ፣ ሲያስቡ እየለቀቁ ስለሚጫወቱበት ገና በመጀመሪያው ጠዋት «ጋሽ ሜትር» የሚል ስም ወጣላቸው።

«መጋዘን ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ዕቃ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። አንዱ ማሽን አለ፣ ሌላው መድኃኒት አለ።

«አየር!» አሉ። «በመደርደሪያና በመደርደሪያ መካከል የምትተዉት መተላለፊያ። የክፍሉን ግማሽ ማንም ለማይሄድበት መንገድ ትሰጡና ቦታ ጠበበን ትላላችሁ!»

ከዚያ በሃዲድ ላይ የሚንሸራተቱ መደርደሪያዎችን አሳዩን። መደርደሪያዎቹ ተጣብቀው ይቆማሉ፤ አንዱን ሲፈልጉት ሌሎቹን ገፋ ያደርጓቸዋል፣ አንድ መተላለፊያ ይከፈታል፤ የቀረው ሁሉ ዝግ ነው። ወለሉ ክብደቱን መቻሉን ብቻ አስቀድሞ ማስላት ነው፤ ወረቀት ሲደረደር ከድንጋይ አይተናነስም። ይህ ሁሉ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

በሻይ እረፍት ታናሽ እህቴ ደወለች። በአንድ የተሐድሶ ሆስፒታል ሰው ሠራሽ እግር ለተገጠመላቸው ሰዎች መራመድ የምታስተምር ፊዚዮቴራፒስት ናት።

«እትዬ፣ አዳራሼን ሊወስዱብኝ ነው» አለች። «ያለው ዕቃ ቤት ሞልቶ፣ ዳይሬክተሩ ተጨማሪ ዕቃ ቤት ሊያደርጉት ነው። ሰኞ አናጢዎች ይገባሉ።»

«ሌላ ክፍል አይሰጡሽም?»

«ኮሪደሩን ሰጡኛ! አልጋ እየተገፋ በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ሰው እግር ይተክላል? አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እኮ፤ እኔ ያለኝ አንድ አዳራሽ ነው።»

አዳራሹን አውቀዋለሁ። መስኮቱ ትልቅ፣ ወለሉ ሰፊ ነው፤ መሃሉ ላይ ሁለት ትይዩ የብረት መደገፊያዎች ቆመዋል። ሰዎች በዊልቸር ገብተው በእግራቸው የሚወጡበት ክፍል ነው። ደሜ ፈላ። ወደ ሥልጠናው ስመለስ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

የማጠቃለያ ሥራችን አንድ እውነተኛ ማከማቻ መርጦ እንደገና መንደፍ ነበር። እኔ የእህቴን ሆስፒታል መረጥኩና ከሰዓት በኋላ ሄጄ ያለውን ዕቃ ቤት አየሁት። ክፍሉ ትንሽ አይደለም። ጉዱ መሃል ለመሃል የሚሰነጥቀው የቺፑድ ግድግዳ ነው። በአንዱ ወገን የታካሚዎች ማኅደር፣ በሌላው ወገን ለሰው ሠራሽ እግር የሚሆን መለዋወጫ፤ ጉልበቱ፣ መርገጫው፣ ብሎኑ። ሁለት በር፣ ሁለት ቁልፍ፣ በየወገኑም የየራሱ መተላለፊያ።

«ይሄ ግድግዳ ምን ያደርጋል?» አልኳት እህቴን።

«ሁለቱን ይገላግላል። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋና የዕቃ ቤት ኃላፊው ዓይንና ናጫ ናቸው። ከተነጋገሩ ስንት ዘመናቸው!»

«በምን ተጣሉ?»

«አንዱ በወንበር ነው ይላል፣ ሌላው በመስኮት መክፈት ነው ይላል። እነሱም የረሱት ይመስለኛል። ኩርፊያውን ግን አልረሱትም።»

በማግሥቱ ግድግዳውን እንዳለ ትቼ በየወገኑ ተንሸራታች መደርደሪያ ሳልኩ። አልበቃም። አጠበብኩት፣ አስረዘምኩት፣ አዞርኩት፤ የመጨረሻዎቹ መደርደሪያዎች አሁንም ሜዳ ላይ ቀሩ። ጋሽ ሜትር መጥተው ከጀርባዬ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ። ልጅ ከተባልኩ ቆይቻለሁ፤ ሽበቴን ተቀብዬ ነው የመጣሁት። «ሁለት መተላለፊያ ለምን አስፈለገሽ?»

«ሁለት የተኳረፉ ሰዎች አሉ።»

ሜትራቸውን ጠርቀም አድርገው ለቀቁት። «እንግዲያው የጎደለሽን ቦታ የያዘው ኩርፊያ ነው። ለኩርፊያ ስንት ካሬ ትሰጪያለሽ?»

ግድግዳውን ደመሰስኩት። ሁለቱን መተላለፊያዎች አንድ አደረግኋቸው። ሁሉም ገባ! እንዲያውም ቦታ ተረፈ። ወንበሬ ላይ ሆኜ እልል ማለት ቃጣኝ።

ሥዕሉን ይዤ ከእህቴ ጋር ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባን። በጥሞና አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሥራው ግሩም ነው። ግን አንድ መተላለፊያ ማለት አንዱ ሲገባ ሌላው ደጅ ይጠናል ማለት ነው። ካልተነጋገሩ አይሆንም። እነዚህን ሰዎች ደግሞ ለማስታረቅ ያልሞከርኩት የለም። ሽማግሌ ብልክባቸው ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተጣሉ።»

«ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለተኳረፉ እግሩን ያጣ ሰው ኮሪደር ላይ ይውደቅ?» አልኩ። አፌ እንዲህ ነው፣ አንዴ ካመለጠ አይያዝም። እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዳይሬክተሩ ግን አልተቆጡም፤ አፈሩ።

«ዓርብ ጠዋት ይሞክሩት» አሉኝ። «ካልሆነ አዳራሹን እወስዳለሁ።»

ሃዲድ ከየት ላምጣ? ሆስፒታል ግን ጎማ ያለው አልጋ አይቸግረውም። ዓርብ ጠዋት የዕቃ ቤቱን ልክ በአዳራሹ ወለል ላይ በቁስል ፕላስተር አሰመርን። አብረውኝ የሚሠለጥኑት አርክቴክቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው አልጋዎቹን ጎን ለጎን አጣበቁ። ማኅደሩን በአንዳንዱ፣ መለዋወጫውን በሌላው ላይ ጫንን። ጋሽ ሜትር «ጠጋ! አሁንም ጠጋ!» እያሉ ይዞራሉ።

ሙከራው የእውነት እንዲሆን አንድ ታካሚ ነበረን፤ የታክሲ ሾፌር ነው። የሰው ሠራሽ እግሩ መርገጫ ተሰንጥቆበት ልምምዱን ካቋረጠ ሰነበተ። የሆስፒታሉ ቴክኒሻን አዲስ ለመግጠም ልኩን ከማኅደሩ፣ መርገጫውን ከዕቃ ቤት ይፈልጋል። ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቀልዳል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይሉናል፤ እኔ እንኳ ከዚህ ምክር ነጻ ወጥቻለሁ» ብሎ አሳቀን።

ዳይሬክተሩ ሁለቱን ኃላፊዎች አስጠሩ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ቀድማ ገባች። አልጋውን ገፋች፣ መተላለፊያው ተከፈተላት፣ ማኅደር ማገላበጥ ያዘች። የዕቃ ቤት ኃላፊው ቀጥሎ ደረሰ። የእሱ ዕቃ ያለበት አልጋ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቋል። ያንን ለመክፈት የእሷን መተላለፊያ መዝጋት አለበት፤ እሷ ደግሞ ውስጥ ናት። እጁን አጣምሮ ቆመ። እሷም እንዳየችው ማገላበጧን ቀስ አደረገችው። ሆን ብላ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። እሱ ጣራ ጣራውን ያያል። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። ወሽመጤ ተቆረጠ፤ ኩርፊያን በአልጋ ገፍቼ ላስወጣ መነሣቴ ምን ዓይነት ጅልነት ነው አልኩ።

ሾፌሩ ቀልዱን ተወ።

«ወንድሜ፣ እህቴ» አለ ረጋ ብሎ። «እኔ የምጠብቀው እግሬን ነው። እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ?»

የዕቃ ቤት ኃላፊው አንገቱን ደፋ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ አልጋውን የሚያናግር ይመስል አልጋው ላይ እንዳፈጠጠ፣

«ጨረስሽ?» አለ።

«አልጨረስኩም» አለች። አንዱን ማኅደር መዘዘችና፣ «እየወጣሁ ነው» አለች።

ማኅደሩን ይዛ ወጣች። ጥላው ትሄዳለች ስንል ማኅደሩን በብብቷ ሸጉጣ አልጋውን ያዘች። አልጋው ከበዳት። እሱ ጫፉን ያዘላትና አብረው ገፉት፤ የእሷ መንገድ ተዘጋ፣ የእሱ ተከፈተ። ለአልጋ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ተቃቀፉ ብዬ አልዋሽም። «ግራ እግሩ ነው፤ የቀኙን ይዘህ እንዳትመጣ» አለችው። «ሥራዬን አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?» አላት። ንትርኩ ቀጠለ። ዳይሬክተሩ ግን ለዓመታት የጠበቁትን ዜና እንደሚሰማ ሰው ፈገግ ብለው ይሰሙ ነበር።

«ሰኞ አናጢዎቹ ይመጣሉ» አሏት እህቴን። «ያንን ግድግዳ ያፈርሳሉ። አዳራሽሽን የሚነካ የለም።»

እህቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ቴክኒሻኑ መርገጫውን ገጥሞ ብሎኑን አጠበቀ። ሾፌሩ ተነሣ። መደገፊያዎቹን ይዞ ጀመረ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እህቴ እጇን ዘርግታ ጠበቀችው። አልያዛትም። አልፏት ሄደ፤ አንድ እግሩን ጣል፣ ሌላውን ጎተት እያደረገ። ሁለቱ ኃላፊዎች ግራ ነው ቀኝ ነው እየተባባሉ መንገዱ ላይ ተገትረዋል።

«ኧረ መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸባቸው።

ሁለቱም ደንግጠው ወደ አንድ ጎን ዘለሉ። እሷ ሚዛኗን ስታ እጅጌውን ጨበጠች፤ እሱም እጁን አልነጠቀም። ሾፌሩ በአጠገባቸው አልፎ እስከ መስኮቱ ድረስ ሄደ።