የአንቴና ደብተር

አፌ ቀድሞኝ የሚሄድ ሴት ነኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ "ምላሷም መርፌ ነው" ይሉኛል። ደንበኞቼ ልብሳቸው እስኪደርስ ሱቄ ስለሚቀመጡ፣ ዋይፋዩን ያለ ይለፍ ቃል ክፍት ትቼው ነበር። ውሃ የጠማውን ሰው ማን መታወቂያ ይጠይቃል?

ከሱቄ በላይ ፎቅ ላይ ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉ። ሰፈሩ "አንቴና" ይላቸዋል። በየቀኑ ስልካቸውን ይዘው እየዞሩ የየቤቱን ኔትወርክ ይፈልጋሉ፤ ያገኙትን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሙና፣

"ልጄ፣ ያንቺ ክፍት ነው። ሌባ ይገባበታል፤ ቆልፊው" አሉኝ።

"አባባ፣ የሰው ቤት ከሚያነፈንፉ አርፈው ቢቀመጡ ምን አለበት?" አልኳቸው።

ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጽፈው ሄዱ። እኔም ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ።

በወሩ ፖሊሶች መጡ። የአንድ ክሊኒክ የበሽተኞች ፋይል ተሰርቋል፤ ሌባው የገባው በእኔ የኢንተርኔት መስመር ነው። ኮምፒውተሬን ወሰዱ፣ ሱቁን አሸጉት። "እኔ ዚፕ ከመቀየር ሌላ ምን አውቃለሁ?" ብል ማን ሰምቶኝ። መስመሩ በስሜ ነው፤ ክስ ሊመሠረትብኝ ነው።

በማግስቱ መርማሪው ፊት ተቀምጬ ሳለሁ አንቴና ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ገቡ። ፋይሉ የተሰረቀበትን ቀን ገለጡ። ከሱቄ ማዶ የቆመች ነጭ መኪና፣ የታርጋዋ ቁጥር፣ ውስጧ ላፕቶፕ የታቀፈ ሰው፣ በእኔ ኔትወርክ የገባ እንግዳ መሣሪያ፣ ሁሉም ከነሰዓቱ ተጽፏል።

መርማሪው ገጾቹን ወደ ኋላ መለስ አደረገና አነበበ፦ "ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። ተቆጣች። እስክትቆልፈው ድረስ እኔ እጠብቅላታለሁ።"

ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ሰድቤ የሸኘኋቸው ሰውዬ ወር ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠብቀውኛል።

ሌባው ተያዘ፤ ሱቄም ተከፈተ። መጀመሪያ ዋይፋዩን ቆለፍኩ፤ ቀጥዬ ለእሳቸው ኮት ሰፋሁ፣ የውስጥ ኪሱንም በደብተሩ ልክ አደረግኩት።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ" አልኩና እንባዬ መጣ።

ኮቱን ለበሱ፤ ደብተሩን ከኪሱ ከተው መልሰው አወጡት። ስልካቸውን አዩና አንድ መስመር ጻፉ።

"ቆልፈሻል" አሉ። "በይ እንግዲህ፣ አሁን አርፌ ልቀመጥ።"

ከደንበኞቼ ወንበር አንዱን ስበው ተቀመጡ። ያ ወንበር እስከ ዛሬ የእሳቸው ነው፤ ማንንም አላስቀምጥበትም።