ከፏፏቴው በላይ የተገኙት ክልሶች

ተመራማሪዋ የዘር ምርመራውን ውጤት ሦስት ጊዜ ደጋግማ አየችው። ያው ነው። ከፏፏቴው በላይ ከያዘቻቸው ሠላሳ ትራውት የተባሉ ዓሦች አሥራ አንዱ ክልስ ናቸው፤ የወንዙ ዘርና የዓሣ እርባታ ጣቢያው ዘር ተቀላቅሎባቸዋል።

ከፏፏቴው በታች ቢሆን ባልገረማት። እዚያ ጣቢያው ለዓመታት የዓሣ ጫጩት ሲለቅ ኖሯል። በገንዳ ተቀልበው ያደጉት ከወንዙ ዓሦች ጋር እየተዋለዱ፣ ጎርፍና ብርድ የለመደው የድሮው ዘር ሳስቷል። ፏፏቴው ግን የሦስት ፎቅ ያህል ይረዝማል። ዓሣ ክንፍ አለው ቢባልም አይበርም! ታዲያ ማን አወጣቸው? ነገሩ ከነከናት።

ቅዳሜ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ጡረታ እስኪወጡ በዚያው ጣቢያ ጫጩት ቀላቢ ነበሩ። ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አባባ፣ ከፏፏቴው በላይ ዓሣ ተለቆ ያውቃል?»

«መዝገብ ላይ የለም።»

«መዝገቡንማ አይቼዋለሁ። እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

አባት መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ። «በድርቁ ዓመት ላይኛው ጅረት ደርቆ ኩሬ ኩሬ ብቻ ቀረ። ዓሦቹ ከጥቂቶቹ በቀር አለቁ። አንጀቴ አልችል አለ። ዝናቡ ሲመለስ ከጣቢያው ስልሳ ጫጩት በባልዲ ተሸክሜ ገደሉን ወጣሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ!»

ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት። ሰሞኑን ሁሉ ያወጣቸው ጎርፍ ነው፣ ወፍ ነው ስትል ከርማ፣ የገዛ አባቷ ሆነው አረፉት!

«አበላሸሁት?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ያኔ ማን ያውቅ ነበር፣ አባባ?»

ካርታውን ወደ ራሳቸው ሳቡና ባዶ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ጋ አንዲት ምንጭ አለች። ውሃዋ በቋጥኝ ስንጥቅ ነው የሚወርደው፤ ከታች ዓሣ አይወጣባትም። እኔም ምንም አልጨመርኩባት። ትንንሽ ትራውቶች ግን አይቼባታለሁ።»

በሳምንቱ አብረው ሄዱ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ወደ ግራ! ከቋጥኙ ሥር!» ሲሉ፣ እሷ ሃያ ሁለት ዓሣ በመረብ ያዘች። ለምርመራ ከየክንፋቸው ጫፍ ጥቂት እየቆረጠች መልሳ ለቀቀቻቸው።

ውጤቱ እንደደረሰ ደወለችላቸው። «ሁሉም የድሮው ዘር ናቸው፤ አንድም ክልስ የለም! ግን የአንድ እናት ልጆች ይመስል በጣም ይቀራረባሉ። እንዲህ ተዛምዶ መዋለድ ዘር ያደክማል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ኖሩ?»

«እሱን ነው ያላወቅኩት» አለች፤ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ቦት ጫማዋን እየፈለገች።